ምዕራፍ ሰባት፦ የቆመ ሰልፍ፣ የሚጠበቅ ሰልፍ

ሐራ በአገሬው አፍ ሐራ ብቻ ናት። በባቡር ካርታ ላይ ግን ስሟ ከነገበያዋ ተጽፏል፦ ሐራ ገበያ። ለዚህ ምዕራፍ ሁለተኛዋ ቃል ከመጀመሪያዋ ትበልጥብኛለች። መሐንዲሶቹ ከአዋሽ ተነሥተው፣ ኮምቦልቻን አልፈው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሐዲድ ሲያሰምሩ መድረሻቸውን የጠሩት በገበያ ስም ነው። ሐዲድ ሳይታሰብ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ሰው ከደጋ ወርዶ፣ ከቆላ ወጥቶ ይገናኝ ነበር። ጣቢያው ወደ ገበያው መጣ እንጂ ገበያው ጣቢያ ፍለጋ አልሄደም።

ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርኬዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ነው። ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ግንባታው በይፋ የተጀመረው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ነበር። ከመቀሌ የሚነሣው ሌላው መሥመርም፣ በቻይና ተቋራጭ እጅ፣ እዚሁ ሐራ ገበያ ላይ እንዲገጥም ታቀደ። እናም ከወልድያ ወደ ቆላው ስንወርድ የምናገኛት ትንሽ ከተማ በወረቀት ላይ የሰሜኑ መጋጠሚያ ሆነች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ሐዲዱ ተዘረጋ፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀመር ግን ዓመታት አለፉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ መሥመሩም ጉዳት ደረሰበት።

ስለ ቢሮ መቀየር በሚያወራ ምዕራፍ ውስጥ ባቡር ምን አገባው? እንዲህ ነው። ትልቅ ቤት የሚከራይ ነጋዴ ሁሉ ከሁለት ሰልፎች አንዱን ይዞ ነው የሚከራየው። አንደኛው አሁን በሩ ላይ ቆሞ ፀሐይ የሚመታው ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ሰልፍ ነው፤ ባቡሩ ሲጀምር፣ መንገዱ አስፋልት ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲጨምር፣ ወረዳው ከተማ አስተዳደር ሲባል። ለመጀመሪያው የሚከፈል ኪራይ ወጪ ነው። ለሁለተኛው የሚከፈለው ግን ውርርድ ነው፤ ችግሩ ውሉ ላይ ሁለቱም «ኪራይ» ተብለው መጻፋቸው ነው።

አንድ ቤት እናስብ። የእኔ ፈጠራ ነው፤ ነገር ግን መርሳም ሆነ ስሪንቃ፣ ወልድያም ሆነ ሐራ፣ የወረዳ ቢሮ ባለበት ሁሉ አምሳያው አለ። የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። 12 ካሬ፤ ቆርቆሮ ክዳን፤ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት። አንድ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ የላሚኔሽን ማሽን፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ከእነጠረጴዛው። በገበያ ቀን ሰው በር ላይ ይገፋፋል። ባለቤቱ አንገቱን ቀና ባደረገ ቁጥር የሚታየው ጀርባ ነው። ከመንገዱ ማዶ አዲስ የተሠራ ሕንፃ አለ፤ አንደኛ ፎቅ ላይ 50 ካሬ ክፍል ባዶ ነው። ደላላው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው መልስ ካሬ ሜትር ሳይሆን ሰዓት መቁጠር ነው። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ዛሬ ከሆስፒታል እስከ ኢንተርኔት መረብ ድረስ ይሠራበታል። በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ በሰዓት ከሚገባው ሰው ብዛትና እያንዳንዱ ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። በቃ ይኸው ነው። የሚገርመው ሰዎቹ በምን ዓይነት ሁኔታ ተራርቀው ወይም ተከታትለው መግባታቸው ለውጥ አያመጣም፤ የረጅም ጊዜ አማካይ እስከተወሰደ ድረስ ስሌቱ ይይዛል።

በእኛ ቤት እንሞክረው። በገበያ ቀን በሰዓት 30 ሰው ይገባል እንበል። እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ መታወቂያውን እስኪያወጣ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ፣ ወረቀት የነከሰው ፕሪንተር ተከፍቶ እስኪላቀቅ፣ ዝርዝር ብር እስኪፈለግ። 20 ደቂቃ የሰዓት አንድ ሦስተኛ ነው፤ 30ን በአንድ ሦስተኛ ብናባዛ 10 ሰው። 12 ካሬ ላይ፣ ከማሽኑና ከጠረጴዛው ተርፎ፣ 10 ሰው መተንፈሻ ያጣል። ሰልፉ ወደ መንገዱ የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ግን ሌላውን በኩል እንየው። ሁለተኛ ኮፒ ማሽን ተገዝቶ፣ ገንዘብ የሚቀበል አንድ ልጅ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ የቆይታው ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ ቢወርድ? 30 ሰው በሰዓት፣ 10 ደቂቃ፤ ውስጥ የሚገኘው 5 ሰው ብቻ ነው። ግድግዳ ሳይነካ ክፍሉ እጥፍ ሰፋ።

ከገበያ ቀን ውጭ ደግሞ በሰዓት 6 ሰው ይመጣል እንበል። 20 ደቂቃ ቢቆዩ እንኳ ውስጥ የሚገኙት ሁለት ናቸው። ባለቤቱ ጠበበኝ የሚለው ቤት በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ሰው ይዞ የሚውል ቤት ነው! የጠበበው ቀኑ ነው። ይህን ለደላላው መንገር አያስፈልግም፤ ለራስ መንገር ግን ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የገጠር ከተማ ንግድ ከአዲስ አበባው የሚለይበት ነገር አለ። ኪራይ የሚከፈለው በወር ነው፤ ገቢው የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። የድሮው ኪራይ 2,000 ብር፣ የአዲሱ 9,000 ብር ነው እንበል (ለስሌት ያህል ነው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ያስገባ)። ልዩነቱ 7,000 ብር ነው። ከአንድ ገጽ ኮፒ የወረቀት፣ የቀለምና የመብራት ወጪ ተቀንሶ 2 ብር ከተረፈ፣ ልዩነቱን ለመሸፈን በወር 3,500 ተጨማሪ ገጽ ያስፈልጋል። በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 135 ገጽ ነው፤ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሌላው ቀን የሚመጣው ሰው ያው ከሆነና ጭማሪው የሚገኘው በአራቱ የገበያ ቀን ብቻ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ገበያ 875 ገጽ ተጨማሪ መገልበጥ ሊኖር ነው። አሁን ጥያቄው መልኩን ቀየረ። ያ ሁሉ ወረቀት ከማን እጅ ይመጣል?

ሐምሌ ላይ ሊመጣ ይችላል። የግብር ወቅት ነው፤ ሰው ፎርም ይዞ ይሯሯጣል። መስከረም ላይም የተማሪ ምዝገባ አለ፤ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ። ይህ ግን ለሁለት ወር ሁለተኛ ማሽን ተከራይቶ ወይም ከጎረቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ የሚታለፍ ነው። ለሁለት ወር ሰልፍ የዓመት ግድግዳ መከራየት፣ ለሠርግ ድንኳን ተብሎ አዳራሽ እንደመግዛት ነው።

ታዲያ መቼ ነው መውጣት ተገቢ የሚሆነው? ሥራው ራሱ አልገባ ሲል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ ጄቶች ሲያመጣ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበላቸው የሚችል አልነበረም፤ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። ማንም ቦሌን ለክብር አልፈለገውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ክብሩ ባይኖርም ጄቱ ልደታ ላይ አያርፍም። ለኮፒ ቤታችንም እንዲህ ያለ ጄት ይኖረው ይሆናል፦ ባነር የሚያትም ትልቅ ማሽን፣ ከነጠላው ይልቅ ሦስት ፌዝ የሚጠይቅ፣ በ12 ካሬ ውስጥ እንኳን ሊሠራ በሩንም የማያልፍ። ደንበኛው ተጠይቆ፣ ሥራው ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ እየተላከ፣ ትርፉ መንገድ ላይ እየቀረ ከሆነ፣ ያ ሰልፍ የቆመ ሰልፍ ነው፤ የቆመው ሌላ ከተማ ስለሆነ ነው ያልታየው።

የአቢሲኒያ ባንክን ታሪክም እወደዋለሁ። ዐፄ ምኒልክና የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል በ1897 ዓ.ም. ተስማሙ፤ ባንኩ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጀመረው ግን በራሱ ሕንፃ አልነበረም፤ የራስ መኰንን በነበረ ግቢ ውስጥ በጊዜያዊነት ነው። የራሱን ቤት የመረቀው በ1902 ዓ.ም. ነበር። በአገሪቱ ብቸኛው ባንክ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ ያለው፣ ከካይሮ ገንዘብ የሚመጣለት ድርጅት አራት ዓመት ገደማ በሰው ግቢ ቆየ። ጥቅሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሕዝቡ ገና የወረቀት ብር ማመን ያልጀመረበት ጊዜ ነበርና፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳይታወቅ ትልቅ ቤት ቢሠራ ባዶ አዳራሽ ነበር የሚሆነው። ባንኩ በ1923 ዓ.ም. ፈርሶ የኢትዮጵያ ባንክ ሲተካው፣ ተተኪው ቤቱንም ሠራተኛውንም ደንበኛውንም ይዞ ቀጠለ።

ደንበኛውንም አልኩ። እዚህ ላይ ሕጉ ከነጋዴው የበለጠ ብልህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ እስኪተካ ድረስ የሠራው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ በቁጥር 124 «የንግድ መደብር» የሚለውን ሲተረጉም ቤቱን አላለም። መደብር በዚያ ሕግ ዓይን የማይዳሰስ፣ ነገር ግን ተንቀሳቃሽ የሆነ ሀብት ነበር። ዋናው አካሉም የነጋዴው መልካም ዝና፣ ማለትም ደንበኛ ወደ እሱ የመመላለስ ልማዱ ነበር፤ የንግድ ስሙና ቤቱን የመከራየት መብቱ ይከተሉ ነበር። ስለዚህ ዕቃ ጭነን ወደ ማዶ ስንሻገር የጫንነው ዕቃውን ብቻ ነው። መደብሩ የሚሻገረው ሰዎቹ መንገዳቸውን ሲቀይሩ ነው፤ ሰው ደግሞ መንገዱን በቀላሉ አይቀይርም።

መርካቶ ለዚህ ምስክር ነው። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ነጋዴው ቢበሳጭም ደንበኛ አላጣም፤ ምክንያቱም አንድ ሱቅ ሳይሆን ገበያው በሙሉ ተነሥቶ ስለሄደ። ዛሬም መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች ሰውን የሚመሩት በስም ነው፤ ገዢ የሚሄደው ወደ ተራው እንጂ ወደ አንድ ሰው ሱቅ አይደለም። ከተራው ለብቻው ወጥቶ ሰፊ ቤት የተከራየ ሰው ግን ኪራዩን ቢያተርፍ እንኳ መንገደኛውን ያጣል። ትንሽ ከተማ ውስጥ «ተራ» የሚባል ጽሑፍ የለም እንጂ ተራ አለ። ኮፒ ቤት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ከፍርድ ቤቱ በር በጩኸት ርቀት ላይ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ሁለት ኮፒ አምጣ» የተባለ ሰው ቅርብ የሆነውን ያያል፤ ከዚያ ወዲያ አያስብም።

ስለ ፎቅ አንድ ነገር ልናገር፣ ቁስል አለኝና። ከዓመታት በፊት እኔም ትንሽ የሕትመት ዝግጅት ቢሮዬን ከግራውንድ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁ፤ ኪራዩ በካሬ ሲሰላ ከታችኛው ግማሽ አይሞላም ነበር። መስኮቱ ሰፊ፣ አየሩ ጥሩ፣ ግድግዳው ነጭ። ሊፍቱ በቅርቡ ይገባል ተባልኩ። ሳስበው የሚያሳፍረኝ ሊፍቱ አለመግባቱ አይደለም፤ የደረጃውን ብዛት ሳልቆጥር መፈረሜ ነው። የቀድሞ ደንበኞቼ ግማሾቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ነበሩ። መጥተው ከታች ይደውላሉ፤ እኔ እወርዳለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሥራዬ ደረጃ ላይ ነበር። በመጨረሻም ከሕንፃው በር አጠገብ ካለው የጀበና ቡና ቤት የደንበኛ መቀበያ ማእዘን ተከራየሁ፤ ይኸውም በጠዋት አንድ ስኒ ቡና መጠጣት ማለት ነው።

በሐራ ገበያ ቀን ደረጃ የሚወጣው ማን ነው? ከገጠር የመጣው ገበሬ በትሩንና ጆንያውን ይዟል፤ አህያውን የት ያስራታል? እናት ልጇን አዝላለች። ከላይ ምን እንዳለም ከታች ሆኖ አይታይም። ደብዳቤ ጽሕፈት፣ የሒሳብ ሥራ፣ የዲዛይን ሥራ ለሚሠራ፣ ደንበኛው በቀጠሮ ለሚመጣለት ሰው ፎቅ መልካም ነው። በእግር መንገድ ለሚኖር ንግድ ግን የታችኛው 20 ካሬ ከላይኛው 50 ካሬ ይሰፋል።

ሰዎች ጠባብ ቤት ውስጥ የሚቆዩት ሁልጊዜ ከብልህነት አይደለም፤ ይህንንም ማለት አለብኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶችን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሰጠ። ያ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይንቀሳቀስ በመቆየቱ፣ ዋና መንገድ ላይ ያለ አንድ ክፍል ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ኖረ። ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ዘጠኝ ካሬ ውስጥ የታፈነ፣ ዕቃ በዕቃ ላይ የደራረበ፣ ጥሩ ሠራተኛ ቢያገኝ ማስቀመጫ ያጣ ስንት ሰው አለ። ለእነዚህ ርካሹ ኪራይ ራሱ ገመድ ሆኖባቸዋል። በጥቃቅንና አነስተኛ መርሐ ግብር መንግሥት በሰጣቸው ሼድ ውስጥ የሚሠሩ ማኅበራትም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል፤ ሼዱ ጊዜያዊ ነው፣ ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ፣ ከዚያም ወደ መካከለኛ «ተሸጋገሩ» ይባላሉ። በ2003ቱ ስትራቴጂ ከባለቤቱ ጋር እስከ 5 ሰው ያለው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ያለው አነስተኛ ነበር። ስድስተኛ ሰው መቅጠር ማለት ስም መቀየር፣ ስም መቀየር ማለት ከሼድ የመውጫው ቀን መቅረብ። አንዳንዱ አምስት ላይ መቆምን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ በአደባባይ የማይነገር፣ በቡና ላይ ግን ሁሉም የሚያወራው። ቤት ሲሰፋ የግብር ገማቹ ዓይንም ይሰፋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ሱቅ እስከ ማዘጋት የደረሰ ቁጣ ሲያስነሣ፣ የነጋዴው ቅሬታ ገማቹ መዝገብ ሳይሆን መደርደሪያ አይቶ ገመተ የሚል ነበር። መዝገብ በሌለበት ቤት ሌላ ምን ይታያል? የሚታየው ስፋቱ፣ ቀለሙና የሰው ብዛቱ ነው። ወደ ትልቅ ቤት የሚገባ ሰው ከመግባቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ የዕለት ሽያጩንና ወጪውን በደብተር መያዝ ቢጀምር፣ ያ ደብተር ከአዲሱ መደርደሪያ በፊት ይናገርለታል። ለራሱም ይናገርለታል፤ ከላይ የሠራነውን ስሌት በግምት ሳይሆን በራሱ ቁጥር የሚሠራበት እሱ ነውና።

የማዛወሩ ሥራ ራሱ ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ ጥቂት ነገር ላይ ግን ሰው ይሰናከላል። ንግድ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ ይቀየራል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ያው ነው። የካሽ ሬጅስተር ማሽን ያለው ሰው ማሽኑን በታክሲ ጭኖ ከመሄዱ በፊት ለገቢዎች ያሳውቅ፤ ማሽኑ የተመዘገበው ከቦታው ጋር ነው። ቆጣሪውን ደግሞ ከመፈረም በፊት እዩት። ያለፈው ተከራይ ያልከፈለው የመብራት ሒሳብ አለ ወይ? ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ ከሥጋ ቤቱ ፍሪጅ ጋር በጋራ? በወረቀት ላይ ያለው ኃይልና ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይመጣጠናሉ? እንደ ሐራ ባለ ቆላ ደግሞ ኮርኒሱን ከሁሉም አስቀድሜ አያለሁ። ቆርቆሮ ሥር ያለ ኮፒ ማሽን ከቀትር በኋላ ሲቆም ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላል።

ቁልፉን ቀይሩ። ሽቦውንም ተከታተሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የተሰጠው ቤት የፖሊስ ኮሌጅ የነበረ ነው፤ ተተኪው የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2004 ዓ.ም. ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ወደ ሰጠችው ሕንፃ ገባ። ከስድስት ዓመት በኋላ ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ከሕንፃው ኮምፒውተሮች በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር ብሎ ዘገበ። ቻይና አስተባበለች፤ የኅብረቱም ኃላፊዎች ክሱን አልተቀበሉም። እውነቱ የትም ይሁን የት፣ ከነዕቃው የተሰጠ ቤት ውስጥ ሲገቡ የማን እጅ የት እንደነካ መጠየቅ ነውር የለውም።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፓርኪንሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ እንከን የለሽ ሕንፃ ውስጥ የሚገኙት ሊያልቅላቸው የደረሱ ድርጅቶች ናቸው የሚል ቀልድ መሳይ ሐሳብ አለው። በሥራ የተጠመደ ሰው ቤት ለማሳመር ጊዜ የለውም ይላል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ለእኛ ቀልድ አይደለም። የመንግሥታት ማኅበር በጄኔቫ ግዙፍ ቤተ መንግሥት መሰል ጽሕፈት ቤት ያሠራ ነበር፤ ሠራተኞቹ በ1936 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ወደ አዲሱ ቢሮ ገቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለማኅበሩ አቤቱታቸውን ያሰሙት በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ አዲሱ የጉባኤ አዳራሽ ገና አላለቀም ነበር። አዳራሹ ሲያልቅ ማኅበሩን የሚሰማው አልነበረም።

ወደ ሐዲዱ እንመለስ። ባቡርን ጠብቆ ቤት መከራየት ሁልጊዜ ሞኝነት ነው ብዬ አላምንም፤ የድሬዳዋ ነጋዴ ይስቅብኛል። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በተራራው ውድነት ሐረርን ትቶ ከሥር አለፈና በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም በገንዘብና በመንግሥታት ጭቅጭቅ ለዓመታት እዚያው ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሐረር ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ፤ አዲሲቱን ከተማ «አዲስ ሐረር» ያሏትም ነበሩ። እነዚያ ነጋዴዎች ግን የተከተሉት የደረሰ ባቡር ነው። ፉርጎው ቆሞ ዕቃ ሲራገፍ አይተዋል። ወልድያም እንዲሁ ናት። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ ወረታ መንገድ ከተማዋን የምሥራቅና የምዕራብ መስቀለኛ አደረጋት፤ መኪናው ካለፈ በኋላ ሆቴሉም ጋራዡም ተከተለ።

ስለዚህ በሐራ ሰፊ ቤት ለሚያይ ሰው የምመክረው በውሉ ላይ ነው። የሦስት ዓመት ውል በቋሚ ኪራይ ከመፈረም፣ የአንድ ዓመት ውል በማደስ መብት፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቀ ሦስቱን መከራከር፤ 50ውን ካሬ ሙሉ ከመውሰድ 25ቱን ወስዶ የቀረው ሲከራይ አስቀድሞ እንዲነገረው በጽሑፍ ማስያዝ። አከራዩም ባቡሩን እየጠበቀ ነው፤ ባዶ ቤት ይዞ። ውርርዱን ሁለቱ ቢካፈሉት ነውር አይደለም። ባለፈው ጦርነት ወልድያና አካባቢዋ ያዩትን ያየ ሰው ደግሞ ገንዘቡን በግድግዳ ላይ ከሚያፈስ፣ በጭንቅ ጊዜ ተነቅሎ በሚጫን ነገር ላይ ቢያውለው እረዳዋለሁ።

መቼ ይዛወር ለሚለው፣ በገበያ ማግሥት። ሰው ደክሞት ቤቱ በተቀመጠበት ቀን ማሽኑ ይጫናል፣ መብራቱ ይሞከራል፣ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ስድስት ቀን መሳሳቻ ይገኛል። ክረምት ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል፣ ማሽኑም ይነክሰዋል። ከዚያ በወሎ ወግ ቄጠማ ይጎዘጎዝና ቡና ይፈላል፤ ሼሁም ቄሱም ጎረቤትም ይጠራሉ፣ ዱዓው ይደረጋል። ይህን እንደ ወጪ የሚቆጥር ነጋዴ አላዋቂ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ አዲሱን በር ያዩት ሰዎች እስከ ማታ ለሌላው ነግረውታል።

የድሮውን ክፍል አንድ ወር ተጨማሪ ይዞ መቆየት ከተቻለ መልካም ነው፤ ካልተቻለም ከተተኪው ተከራይ ጋር መስማማት። ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ማንበብ ለሚችል ነው። በእኛ ምሳሌ የ12 ካሬዋን ክፍል የተከራየችው ሻይ የምታፈላ ሴት ናት እንበል። የመጀመሪያው የገበያ ቀን ማለዳ፣ ገና እሳቱ ሳይያያዝ፣ አንድ ሽማግሌ የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ልጄ፣ ያ የወረቀቱ ልጅ ወዴት ሄደ?»

«ማዶ ተሻግሯል አባቴ፣ ያው የሚታየው ሰማያዊ በር። ግን አሁን ገና አልከፈተም፤ ይቀመጡ፣ ሻይ ላፍላልዎት።»